ምዕራፍ 6፦ የገዛነውን መጽሐፍ ማን ቆለፈው?

የኢ-መጽሐፍ ፋይል ውስጡ ምን እንደሚመስል ለማየት የባለሙያ መሣሪያ አያስፈልግም። ከአማዞን ውጭ ያሉ አብዛኞቹ ሻጮች የሚጠቀሙበት ኢፐብ የሚባለው የፋይል ዓይነት በመሠረቱ ዚፕ ነው። ቅጂውን ወስዶ የስሙን መጨረሻ ከኢፐብ ወደ ዚፕ ቀይሮ መክፈት ይበቃል። ውስጡ ድረ ገጽ ከሚሠራባቸው ነገሮች የተለየ ነገር የለውም። እያንዳንዱ ምዕራፍ በኤችቲኤምኤል የተጻፈ አንድ ፋይል ነው፤ ሥዕሎቹ በአንድ ፎልደር፣ ፎንቶቹ በሌላ ተቀምጠዋል፤ የምዕራፎቹን ቅደም ተከተል የሚናገር ዝርዝርም አለ። አንዱን ምዕራፍ ተራ ጽሑፍ በሚከፍት በማንኛውም ፕሮግራም ቢከፍቱት ዓረፍተ ነገሩ ከነነጥቡ ይነበባል።

ቁልፍ ያለበትን መጽሐፍ በዚሁ መንገድ ቢከፍቱትም ፎልደሮቹ በቦታቸው ናቸው፤ የምዕራፎቹ ፋይሎችም ስማቸው ይታያል። አንዱን ሲከፍቱ ግን ከላይ እስከ ታች ትርጉም የሌለው የምልክት መዓት ይጠብቅዎታል። ሜታ-ኢንፍ በሚባለው ፎልደር ውስጥም በክፍቱ መጽሐፍ ያልነበሩ ሁለት ትንንሽ ፋይሎች አሉ። አንደኛው የትኞቹ ፋይሎች በምን ስልት እንደተመሰጠሩ ይዘረዝራል። ሁለተኛው የገዢውን ፈቃድ ይይዛል። ዲአርኤም የሚባለው፣ ብዙ አንባቢ ስሙን ሰምቶ አሠራሩን የማያውቀው የቅጂ መከላከያ እነዚህ ናቸው።

አዶቢ ለመጻሕፍት ሻጮችና ለቤተ መጻሕፍት ያቀረበውን ሥርዓት እንደ ምሳሌ እንውሰድ፤ በኢፐብ ዓለም ለብዙ ዓመታት የተለመደው እሱ ነው። መጀመሪያ መጽሐፉ ኤኢኤስ በሚባል ስልት፣ ርዝመቱ 128 ቢት በሆነ ቁልፍ ይመሰጠራል። ቀጥሎ ያ ቁልፍ ራሱ አርኤስኤ በሚባል ሌላ ስልት ይመሰጠርና ከመጽሐፉ ጋር አብሮ ይላካል። የጎተራውን ቁልፍ በትንሽ ሣጥን ቆልፎ፣ የሣጥኗን ቁልፍ ለአንድ ሰው ብቻ እንደ መስጠት ነው። ገዢው ኮምፒውተሩን ወይም ስልኩን በአካውንቱ ሲያስመዘግብ የሣጥኗ ቁልፍ ወደ መሣሪያው ትወርዳለች። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ በተከፈተ ቁጥር ፕሮግራሙ ምስጢሩን እየፈታ ገጹን ያሳያል፤ አንባቢው ይህ ሁሉ መሆኑን እንኳ አያውቅም።

የሚያውቀው ሲበላሽ ነው። ብዙ ሰው የሚቸገርበት የመጀመሪያው ነገር ከሻጩ የሚወርደው ፋይል ነው። ገንዘብ ከፍሎ ያወረደው፣ ኤሲኤስኤም የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል አንድ ወይም ሁለት ኪሎባይት ብቻ ይመዝናል። ይህ መጽሐፉ አይደለም፤ መጽሐፉን ከሰርቨር የመውሰጃ ደረሰኝ ነው። ወደ ስልክ ቢገለብጡት፣ በፍላሽ ለጓደኛ ቢሰጡት አንድም ገጽ አያሳይም፤ የራሱ የማብቂያ ጊዜም ስላለው ሳይከፈት ከቆየ ዋጋ የለውም። ሁለተኛው ችግር የሚመጣው ከአካውንት ነው። ደረሰኙ በአንድ አካውንት ከተከፈተ በኋላ በሌላ አካውንት በተመዘገበ ኮምፒውተር ሊከፍቱት ቢሞክሩ፣ ፈቃዱ በሌላ ተጠቃሚ ተወስዷል የሚል መልእክት ይመጣል። ሰው መጽሐፉ የተሰረቀበት መስሎት ይደነግጣል። ብዙ ጊዜ ያ «ሌላ ተጠቃሚ» ራሱ ባለቤቱ ነው፤ ባለፈው ዓመት በተጠቀመበት ኢሜይል። ሦስተኛው የከፋ ነው። የአዶቢ ፕሮግራም ያለ አካውንት መመዝገብንም ይፈቅዳል። በዚህ መንገድ የተመዘገበ ኮምፒውተር ፎርማት ሲደረግ የሣጥኗ ቁልፍ አብሮ ይጠፋል፤ መጻሕፍቱ በፍላሽ ላይ በደህና ተቀምጠው እንኳ ዳግመኛ አይከፈቱም።

መመዝገቢያ ያልኩት ነገር ለሻጩ ብዙ ሥልጣን ይሰጣል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በሐምሌ 2009 አማዞን ኪንድል በተባለው የንባብ መሣሪያው ላይ የተሸጡ የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍትን፣ «1984» እና «የእንስሳት እርሻ»ን፣ ከገዢዎች መሣሪያ ላይ ከሩቅ አጠፋ። ቅጂዎቹን ያቀረበው አካል በአሜሪካ የማሳተም መብት አልነበረውም፤ ገንዘቡም ለገዢዎች ተመልሷል። ሆኖም አንድ የሚሺጋን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በመጽሐፉ ላይ የጻፈው የጥናት ማስታወሻ ጥቅም አልባ ሆነበትና ክስ መሠረተ፤ ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። የኩባንያው መሥራች ጄፍ ቤዞስም በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ወረቀት የሸጠ መጻሕፍት ቤት ሌሊት የደንበኛውን ቤት ከፍቶ፣ መጽሐፉን ወስዶ፣ ገንዘቡን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ቢሄድ ፖሊስ ይጠራበታል።

ማይክሮሶፍት ደግሞ በሚያዝያ 2019 የመጻሕፍት መደብሩን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ፈቃድ የሚሰጠው ሰርቨር ሲቆም መጻሕፍቱ መከፈት አቆሙ። ኩባንያው የሁሉንም ገዢ ገንዘብ መለሰ፤ ማስታወሻ ለጻፉትም 25 ዶላር ጨመረ። በገንዘብ ረገድ ጨዋነት ነው። ግን የተዘጋ መጻሕፍት ቤት የሸጠውን መጽሐፍ ሁሉ ይዞ የሄደበት ሌላ ዘመን አላውቅም። ከጥር 2025 ጀምሮ የካሊፎርኒያ ሕግ፣ በማንኛውም ጊዜ ሊነሣ የሚችል ፈቃድ የሚሸጥ ነጋዴ ያንን በግልጽ ሳይናገር «ይግዙ» የሚል ቃል እንዳይጠቀም ከልክሏል። ሕግ አውጪዎቹ ያዩት ነገር አንባቢም ሊያየው የሚገባ ነው።

ይህ ሁሉ ጥበቃ ቢያንስ የደራሲውን ጥቅም ካስጠበቀ ችግሩን መታገሥ ይቻል ነበር። ታሪኩ ግን ያንን አይናገርም። ማንኛውም ምስጢራዊ መልእክት የሚጠበቀው መልእክቱ ከሚደርሰው ሰው ውጭ ካለ ሦስተኛ ወገን ነው። እዚህ ግን የሚጠረጠረውም ደንበኛው፣ ቁልፉ የሚሰጠውም ለደንበኛው ነው። ካልተሰጠው ማንበብ አይችልም። ስለዚህ የተቆለፈው ነገርና ቁልፉ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ቁልፉን የመደበቅ ጥበብ ብቻ ነው የሚቀረው። የተደበቀ ነገር ደግሞ ጊዜ ያለው ሰው ያገኘዋል። በመጋቢት 2000 የስቲቨን ኪንግ አጭር ልብ ወለድ በኢንተርኔት ብቻ ወጥቶ በመጀመሪያው ቀን 400,000 ያህል ቅጂ ተወሰደ፤ መከላከያውም ብዙ ሳይቆይ ተሰብሮ ክፍቱ ቅጂ ተሰራጨ።

በዓመቱ የመጣው ጉዳይ ሕጉን የሚመለከት ነበር። አሜሪካ በ1998 ባወጣችው የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ የቅጂ መከላከያን ማለፍም፣ ማለፊያ መሣሪያ ማሠራጨትም ተከልክሏል። ዲሚትሪ ስክሊያሮቭ የሚባል ሩሲያዊ ፕሮግራም ሠሪ፣ ኤልኮምሶፍት ለተባለ የሞስኮ ኩባንያ የአዶቢን ኢ-መጽሐፍ የሚከፍት ፕሮግራም ጽፎ ነበር፤ በሩሲያ ይህ ወንጀል አልነበረም። በሐምሌ 2001 ላስ ቬጋስ ውስጥ በአንድ ጉባኤ ላይ ስለ ኢ-መጽሐፍ ጥበቃ ደካማነት ንግግር አድርጎ ሲመለስ ኤፍቢአይ ያዘው። ሦስት ሳምንት ያህል ታስሮ በዋስ ወጣ። ክሱ እንዲቀጥል ግፊት አድርጎ የነበረው አዶቢ ራሱ ሰላማዊ ሰልፎችን አይቶ ድጋፉን አነሣ። በታኅሣሥ 2002 ሳን ሆዜ ውስጥ የተሰየመው የዳኞች ጉባኤ ኤልኮምሶፍትን ነፃ አወጣው። ሕጉ ግን ዛሬም አለ፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2001 ባወጣው መመሪያ ተመሳሳይ ክልከላ አድርጓል። በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት የሚኖር አንባቢ የራሱን መጽሐፍ ለራሱ ንባብ ቢከፍትም እንኳ ሕጉን ሊጥስ እንደሚችል አውቆ ነው መጀመር ያለበት።

አሁን ወደ ካሊበር እንምጣ። ይህን ነፃ ፕሮግራም ኮቪድ ጎያል የተባለ የህንድ ተወላጅ በ2006 መሥራት የጀመረው የሶኒ የንባብ መሣሪያ ከሊኑክስ ኮምፒውተር ጋር አልግባባ ስላለው ነበር። ዛሬ ኢ-መጽሐፍ ለሚያከማች ሰው ከሱ የተሻለ መደርደሪያ የለም። መጻሕፍትን በደራሲና በርዕስ ያደራጃል፣ ከአንድ የፋይል ዓይነት ወደ ሌላ ይቀይራል፣ ሽፋን ያስተካክላል፣ ወደ መሣሪያ ይልካል። የግዕዝ ፊደል በማያሳይ መሣሪያ ላይ አማርኛ ለማንበብ ፎንቱን በመጽሐፉ ውስጥ ማካተትም ይችላል። ካሊበር በራሱ ቁልፍ አይከፍትም። የተቆለፈ መጽሐፍ ለመቀየር ሲሞክሩ መጽሐፉ በዲአርኤም የተዘጋ መሆኑን ነግሮ ይቆማል። ሌላ ሥራ የሚጨምሩለት ፕለጊን የሚባሉት ጭማሪዎች ናቸው።

ፕለጊን መጫን ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ትንንሽ ነገር ነው። በፕሪፈረንስ ውስጥ የፕለጊን ክፍል አለ፤ ከዚያ ሁለት መንገድ ይገኛል። አንዱ ፕሮግራሙ ራሱ ከሚያቀርበው ዝርዝር መምረጥ ነው፤ ሌላው ከኮምፒውተር ላይ ፋይል መጫን። ችግር የሚበዛው በሁለተኛው ነው። ፕለጊኑ ዚፕ ፋይል ሲሆን ካሊበር የሚፈልገው ዚፑን እንዳለ ነው። አንዳንድ ብራውዘር፣ በተለይ በማክ ላይ ያለው ሳፋሪ፣ የወረደውን ዚፕ ወዲያው ይፈታዋል፤ ተጠቃሚው የተፈታውን ፎልደር ይዞ ይንከራተታል። በተቃራኒው ደግሞ አዘጋጁ ፕለጊኑን ከመመሪያ ጽሑፍ ጋር በትልቅ ዚፕ አሽጎት ከሆነ ውጪያዊውን ፈትቶ ውስጠኛውን መስጠት ያስፈልጋል። ውጪያዊውን የሰጠ ሰው ፕለጊኑ ልክ አይደለም፣ ከላይኛው ደረጃ ላይ የመነሻ ፋይሉ የለም የሚል መልእክት ያገኛል። ያ መልእክት ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ አንድ ሽፋን ቀርቷል ማለት ነው።

በመስከረም 2020 የወጣው አምስተኛው ካሊበር የተጻፈበትን ፓይተን የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ከሁለተኛው ትውልድ ወደ ሦስተኛው አሻገረ፤ ከዚያ በፊት የተጻፉ ብዙ ፕለጊኖች በአንድ ቀን መሥራት አቆሙ። ዛሬም አሮጌ ፕለጊን ከአሮጌ ማከማቻ አውርዶ የሚደክም ሰው አለ። ከተጫነ በኋላ ካሊበርን ዘግቶ መክፈት ግድ ነው። ሌላው ብዙ ሰዓት የሚያባክነው ነገር ደግሞ የሚከተለው ነው። በፋይሎች ላይ የሚሠሩ ፕለጊኖች አብዛኞቹ የሚሠሩት መጽሐፉ ወደ መደርደሪያው በሚገባበት ቅጽበት ነው። ቀድሞ የገባውን መጽሐፍ አይነኩትም። ከመደርደሪያው አውጥቶ እንደገና ማስገባት ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ ካሊበር ተመሳሳይ ርዕስ ሲያይ ሊያልፈው ስለሚችል አሮጌውን መሰረዝ ይሻላል። ምንም ካልተገኘ ከፕሪፈረንስ አዝራር ሥር ካሊበርን በስሕተት መከታተያ ሁኔታ እንደገና የሚከፍት ምርጫ አለ። ሥራውን ከሠሩ በኋላ ሲዘጉት የተደረገውን ሁሉ በጽሑፍ ያሳያል። ከአሥር ግምት አንድ እንዲህ ያለ መዝገብ ይሻላል።

ቁልፍ የሚያነሡ ፕለጊኖች ከዚህ ተራ ችግር በላይ የራሳቸው መከራ አለባቸው፤ ምክንያቱም አሁን ግልጽ ነው። ምስጠራውን በጉልበት የሚሰብሩ አይደሉም፤ 128 ቢት ቁልፍ በግምት አይገኝም። በመሣሪያው ላይ በሕጋዊ መንገድ የወረደውን ቁልፍ ይፈልጋሉ። ስለዚህ መጽሐፉ የሌላ ሰው ከሆነ፣ ወይም ኮምፒውተሩ ያልተመዘገበ ከሆነ፣ ወይም ሻጩ ስልቱን ከቀየረ ይቆማሉ። ሻጩ ደግሞ ስልቱን ይቀይራል። አማዞን በ2015 ኬኤፍኤክስ የሚባል አዲስ የፋይል ዓይነት አመጣ፤ በየካቲት 2025 ደግሞ ገዢዎች መጽሐፋቸውን ወደ ኮምፒውተር አውርደው በኬብል ወደ ኪንድል የሚያስተላልፉበትን አገልግሎት አቆመ። ያንን አገልግሎት የሚጠቀሙት ቁልፍ ሰባሪዎች ብቻ አልነበሩም፤ ዋይፋይ የሌለው ቤት፣ የኢንተርኔት ዋጋ የሚከብደው አገር ያለ አንባቢም ይጠቀምበት ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ከሕጉ ውጭ ነው። ፕለጊን የፓይተን ፕሮግራም ነው፤ ካሊበር የሚደርስበት ፋይል ሁሉ እሱም ይደርስበታል። ፎቶዎ፣ የባንክ ሰነድዎ፣ የሥራ ፋይልዎ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ናቸው። ከቴሌግራም ቻናል የተላከ ወይም ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፕለጊን መጫን ከማንኛውም የተቆለፈ መጽሐፍ የበለጠ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል።

በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ድምፃቸው የሚረሳ አንባቢዎች አሉ፤ ማየት የተሳናቸው። ክፍት ኢፐብ ለእነሱ ትልቅ በረከት ነው፤ ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ያነበዋል፣ ወደ ብሬይልም ይቀየራል። ቁልፍ ሲገባበት ግን የሚያነበው ፕሮግራም ገጹ ላይ ያለውን ላያገኘው ይችላል። በ2009 አዲሱ ኪንድል መጽሐፍን በድምፅ ማንበብ ሲጀምር የአሜሪካ ደራስያን ማኅበር ተቃወመ፤ አማዞንም አሳታሚ ከፈለገ ድምፁን እንዲዘጋ ፈቀደ። በአሜሪካ በየ3 ዓመቱ ከክልከላው ውጭ የሚደረጉ ነገሮች ይወሰናሉ፤ ለአካል ጉዳተኛ አንባቢ ኢ-መጽሐፍን መክፈት በዚያ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። በሰኔ 2013 በሞሮኮ የተፈረመው የማራካሽ ስምምነት ደግሞ የቅጂ መከላከያን የሚጠብቅ ሕግ እነዚህን አንባቢዎች ከመብታቸው እንዳያግድ አገሮችን ያስገድዳል። ኢትዮጵያም በ2020 ስምምነቱን ተቀላቅላለች። ይህ በወረቀት የቀረ እንዳይሆን የሚሠራው ሥራ አሳታሚዎች ለቤተ መጻሕፍትና ለማኅበራት ክፍቱን ፋይል ከመስጠት ይጀምራል።

ቁልፍ ቦታ የለውም እያልኩ አይደለም። ቤተ መጻሕፍት ለ2 ሳምንት የሚያውሰው መጽሐፍ በቀኑ እንዲመለስ ቁልፍ ያስፈልገዋል፤ ተዋሹም ውሰት መሆኑን አውቆ ነው የወሰደው። ለዚህ ሥራ አሁን ከአዶቢው የቀለለ፣ ተጠቃሚው በይለፍ ቃል ብቻ የሚከፍተው፣ አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት የማይጠይቅ ኤልሲፒ የሚባል ሥርዓት በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት እየተስፋፋ ነው። እኔ የምቃወመው የሽያጭ ዋጋ አስከፍሎ የውሰት ዕቃ መስጠትን ነው። ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያሳይ ማስረጃም አለ። በሳይንስ ልብ ወለድ የታወቀው ቶር የተባለ አሳታሚ በ2012 ቁልፉን ከመጻሕፍቱ ሁሉ አነሣ፤ ከዓመት በኋላ በእንግሊዝ ያለው ቅርንጫፉ በሕገ ወጥ ቅጂ ላይ የሚታይ ጭማሪ እንዳላገኘ ተናገረ። የሃሪ ፖተር ኢ-መጻሕፍትም በዚያው ዓመት ሲወጡ በቁልፍ ምትክ የገዢውን ማንነት የሚጠቁም ምልክት ተደረገባቸው። ገዢው እንደፈለገ ያነባል፤ ቅጂው ወደ ሕዝብ ቢወጣ ምንጩ ይታወቃል።

የአማርኛ መጻሕፍት አሳታሚዎች ወደ ዲጂታል ገበያ እየገቡ ባሉበት በዚህ ጊዜ ይህ ልምድ ለእነሱ ይጠቅማል። ደራስያኖቻችንን የሚያከስረው ሌብነት እውነተኛና ከባድ ነው፤ ግን ቁልፍ በመስበር የሚመጣ አይደለም። የወረቀቱ መጽሐፍ ገጽ በገጽ በስልክ ካሜራ ተነሥቶ፣ ፒዲኤፍ ሆኖ በቴሌግራም ይለቀቃል። ያንን የትኛውም ምስጠራ አይከለክለውም። ቁልፉ የሚያስቸግረው ከፍሎ የገዛውን ብቻ ነው፤ ዱባይ ወይም ዴንቨር ሆና በካርዷ የገዛችውን መጽሐፍ አዲስ አበባ ላሉት እናቷ ልታነብላቸው ወይም ልትልክላቸው የምትፈልገውን ልጅ። ለዚያች ልጅ በቀላሉ የሚገዛ፣ በተመጣጣኝ ዋጋ የቀረበ፣ ስሟ የታተመበት ክፍት ኢፐብ ይሸጥላት።

አንባቢም የሚያደርገው አለ። ኢ-መጽሐፍ ከመክፈልዎ በፊት የመጽሐፉን ዝርዝር እስከ ታች ያንብቡ፤ ያለ ዲአርኤም የሚሸጡ አሳታሚዎች ብዙውን ጊዜ በግልጽ ይጽፉታል። ያንኑ መጽሐፍ ክፍት አድርጎ የሚሸጥ ሌላ ሻጭ ካለ ከእሱ ይግዙ። የተቆለፈ መግዛት ግድ ከሆነም በአንድ ቋሚ አካውንት ብቻ ይመዝገቡ፣ ደረሰኙን ያስቀምጡ፣ ማስታወሻዎን ከመጽሐፉ ውጭ ይጻፉ፤ ስለ ቁልፉም ለአሳታሚው በስምዎ ይጻፉለት።